ከእሳቱ ቀድሞ መድረስ፦ የሰደድ እሳት ትንበያ ዳሰሳ

የሰደድ እሳት ማጥፋትን የሚመራ አዛዥ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። እሳቱ ወዴት ያቀናል? በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ነበልባሉ በአካፋና በመጥረቢያ የሚገጠም ነው ወይስ ዶዘርም የማይቀርበው? ነፋሱ ሲዞርስ? መልሱ የሚጠቅመው ሰው ለማሰማራት፣ መንደር ለማስለቀቅና መንገድ ለመዝጋት ጊዜ ሳለ ከተገኘ ብቻ ነው።

ላለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ ተመራማሪዎች እነዚህን ጥያቄዎች ከግምት ወደ ስሌት ለማሻገር ደክመዋል። ይህ ዳሰሳ የተገኘውንና የቀረውን ይመዝናል። የሚደርስበትን ፍርድም ከወዲሁ እንናገር፦ ስሌቱ የዛሬውን ያህል ረቅቆ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሕይወት የጠፋባቸው እሳቶች ሲመረመሩ ጉድለቱ በተደጋጋሚ የሚገኘው በስሌቱ ውስጥ ሳይሆን ስሌቱ ወደ ውሳኔ በሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው። በተለየ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ሸለቆ የተነሳ ሳይንስ

ኦገስት 5 ቀን 1949 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ማን ገልች በሚባል ሸለቆ፣ በፓራሹት የወረዱ እሳት አጥፊዎች ቀላል ወደመሰላቸው እሳት እየተጠጉ ነበር። እሳቱ ግን ሸለቆውን ተሻግሮ ከበታቻቸው ተቀጣጠለና ወደ ሚዙሪ ወንዝ የሚያወጣቸውን መንገድ ዘጋ። ፊታቸውን አዙረው ዳገቱን መሮጥ ያዙ። የቡድኑ መሪ ዋግነር ዶጅ ከፊቱ ያለውን ሳር ራሱ ለኮሰና ሳሩ ተቃጥሎ ባለቀበት መሬት ላይ ተደፋ። ተከታዮቹ ዘዴው አልገባቸውምና አልፈውት ሮጡ። እሱ ተረፈ። ከ16ቱ ሰዎች 13ቱ ሞቱ።

ያ አደጋ የአሜሪካ የደን አገልግሎት የእሳትን ባህሪ በቤተ ሙከራ እንዲያጠና ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ1960 በዚያው ግዛት በሚዙላ ከተማ የእሳት ምርምር ላቦራቶሪ ተከፈተ። በዚህ ላቦራቶሪ የአቪዬሽን መሐንዲስ የነበረው ሪቻርድ ሮተርሜል በነፋስ ዋሻ ውስጥ የጥድ ቅጠልና ቀጫጭን እንጨት እያቃጠለ የእሳቱን ፍጥነት ለካ። በ1972 ያሳተመው ቀመር ዛሬም የብዙ ሶፍትዌሮች እምብርት ነው። ሐሳቡ ቀጥተኛ ነው። ነበልባሉ ከፊቱ ላለው ማገዶ የሚያደርሰው ሙቀት አንድ ነገር ነው፤ ያ ማገዶ ለመቀጣጠል የሚፈልገው ሙቀት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል የእሳቱ ፍጥነት ይወጣል። ነፋስና ዳገት የመጀመሪያውን ያሳድጋሉ፤ እርጥበት ሁለተኛውን ያከብዳል። ሮተርሜል በ1993 ወደ ማን ገልች ተመልሶ የዚያን ቀን እሳት በስሌት ሲያስኬደው፣ ሩጫው ከመጀመሪያው ሊያሸንፉት የማይችሉት እንደነበር አሳየ።

ሌሎች አገሮች በሌላ መንገድ ሄዱ። አውስትራሊያዊው የደን ባለሙያ አለን ማክአርተር ከቤተ ሙከራ ይልቅ ጫካው ውስጥ ትንንሽ እሳቶችን እየለኮሰ መዘገበ። ከሙቀት፣ ከአየር እርጥበት፣ ከነፋስና ከድርቀት አንድ የአደጋ መለኪያ ቁጥር አወጣ። መቶ የሚለው ምልክት በቪክቶሪያ ግዛት 71 ሰዎች የሞቱበትን የጃንዋሪ 13 ቀን 1939 እሳት እንዲወክል ተደርጎ ተቀመጠ። ከዚያ የባሰ ቀን ይመጣል ተብሎ አልታሰበም ነበር፤ በ2009 ግን ቁጥሩ መቶን አልፎ ሄደ። የማክአርተር ሙከራዎች በአብዛኛው ለዘብተኛ እሳቶች ነበሩ። ቆይቶ በምዕራብ አውስትራሊያ በደረቅ ወቅት የተካሄዱ ትላልቅ ሙከራዎች፣ ቀመሩ ነፋስ በበረታ ጊዜ የእሳቱን ፍጥነት በእጅጉ አሳንሶ እንደሚተነብይ አረጋገጡ።

ካናዳውያን በ1970 ያወጡት የእሳት አየር ጠባይ መለኪያ ደግሞ ከአራት ቀላል የቀትር ልኬቶች ብቻ ይነሳል፤ እነሱም ሙቀት፣ እርጥበት፣ የነፋስ ፍጥነትና የ24 ሰዓት ዝናብ ናቸው። ከነዚህ የላይኛው ብትን ቅጠል፣ የመካከለኛው ብስባሽና የጥልቁ አፈር ድርቀት በየተራ ይሰላል። ቀላልነቱ ዓለም አቀፍ አደረገው፤ የአውሮፓ የደን እሳት መረጃ ሥርዓትም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በልኬት ላይ የተመሠረተ ቀመር ሁሉ በተወለደበት ጫካ ጎበዝ ነው፤ ከዚያ ሲወጣ እንደገና መፈተን አለበት።

ማገዶ፣ አየርና መሬት

ሁሉም ሞዴሎች የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ማገዶው ነው፤ ይኸውም ሳሩ፣ ቅጠሉ፣ ጭራሮውና ግንዱ። ባለሙያዎች የሞተውን ማገዶ እንደ ውፍረቱ የ1፣ የ10፣ የ100 እና የ1 ሺህ ሰዓት እያሉ ይከፍሉታል። ቁጥሩ ማገዶው ከአየሩ እርጥበት ጋር ለመስተካከል በግምት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ይናገራል። ሳር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል፤ ግንድ ወራት ይፈጅበታል። ጠዋት ዝናብ ስላካፋ ብቻ ከቀትር በኋላ የሳር እሳት አይነሳም ብሎ ማመን የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አየር ነው፤ ከአየርም ነፋስ ይቀድማል። የአውስትራሊያና የካናዳ ተመራማሪዎች ሚጌል ክሩዝና ማርቲን አሌክሳንደር በ2019 ብዙ እሳቶችን አነጻጽረው ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሆን መነሻ አቀረቡ፦ ማገዶው በጣም ሲደርቅና ነፋሱ ሲበረታ፣ በጫካና በቁጥቋጦ የእሳቱ ግንባር ፍጥነት በሜዳ ከሚለካው የነፋስ ፍጥነት 10 በመቶ ገደማ ይሆናል። በሳር ሜዳ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ኮምፒውተር ባይኖርም በጭንቅላት የሚሰላ ነው።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። እሳት ዳገት ሲወጣ ነበልባሉ ወደ ማገዶው ያዘነብላል፣ ቀድሞም ያደርቀዋል። ማክአርተር ያስቀመጠው ልማዳዊ መመሪያ በየ10 ዲግሪ ዳገት ፍጥነቱ በእጥፍ ይጨምራል ይላል። ሰው ዳገት ሲወጣ ይዘገያል፤ እሳት ይፈጥናል። ማን ገልች ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ከሦስቱ ለማወቅ የሚቀለው መሬቱ ነው፤ ዳገት በአንድ ሌሊት አይለወጥም። አስቸጋሪው ማገዶው ነው። አሜሪካ አገሪቱን በሙሉ በ30 ሜትር ነጠብጣብ የሚያሳይ የማገዶ ካርታ አላት፤ የማገዶ ዓይነቶቹም ከ13 ወደ 40 ተዘርዝረዋል። ያም ሆኖ ካርታው አምና የተቃጠለውን፣ ዘንድሮ በተባይ የደረቀውን፣ ባለፈው ወር ከብት የጋጠውን ሁልጊዜ አያውቅም።

ከቁጥር ወደ ካርታ

ቀመሩ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ አዛዡ የሚፈልገው ካርታ ነው። የመሻገሪያው ሐሳብ የተገኘው ከብርሃን ጥናት ነው። የሆላንዱ ሳይንቲስት ክርስቲያን ሃይገንስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሞገድ ጫፍ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ የአዲስ ትንሽ ሞገድ መነሻ ነው ብሎ ነበር። የእሳት ተመራማሪዎች ሐሳቡን ተውሰው በእሳቱ ዳር ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ ነፋሱ ወደሚነፍስበት የሚረዝም ትንሽ የእንቁላል ቅርጽ እንዲያወጣ አደረጉት። ቅርጾቹን የሚያቅፈው የውጭ መስመር የሚቀጥለው ሰዓት የእሳት ዳርቻ ይሆናል። በ1998 የማርክ ፊኒ ፋርሳይት የተባለው ፕሮግራም ይህን በተራ ኮምፒውተር የሚሠራ አድርጎ አቀረበው። የካናዳው ፕሮሜቴየስም በተመሳሳይ መርህ ይሠራል። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የአውስትራሊያው ፊኒክስ ደግሞ ከአስቸኳይ ትዕዛዝ ማዕከል ጎን ሆኖ ቶሎ እንዲያሰላ ታስቦ የተሠራ ነው።

የካርታው ትልቁ ትምህርት የእሳት ግንባርና ጎን እኩል አለመሆናቸው ነው። ነፋስ የሚነዳው እሳት ቀጭንና ረጅም ይሆናል። ግንባሩ ጠባብና ፈጣን ነው፤ ጎኑ ረጅም ግን ዝግተኛ ስለሆነ ሰዎች የሚሠሩት ጎኑ ላይ ነው። ነፋሱ በድንገት 90 ዲግሪ ከዞረ ግን ያ ረጅም ጎን በሙሉ ግንባር ይሆናል። ዲሴምበር 2 ቀን 1998 በቪክቶሪያ ሊንተን በተባለ ቦታ አምስት እሳት አጥፊዎች በተሽከርካሪያቸው እንዳሉ የሞቱት ነፋሱ እንዲህ ሲዞር ነው። በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ይህ የነፋስ ለውጥ የሚመጣው ከቀዝቃዛ አየር ግንባር ጋር ስለሆነ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ከሰዓታት በፊት ሊናገሩት ይችላሉ። የእሳት ትንበያ በመጀመሪያ ደረጃ የነፋስ ትንበያ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

እሳቱ የራሱን አየር ሲሠራ

እስካሁን ያነሳናቸው ሞዴሎች አየሩ እሳቱን እንደሚነዳ ያስባሉ፤ እሳቱ አየሩን እንደሚለውጥ ግን አይቆጥሩም። ትልቅ እሳት አየር እየሳበ ወደ ላይ ይተኩሳል፤ ጭሱ ደመና ይሆናል፤ ደመናው መብረቅ ሊወልድ ይችላል። ጃንዋሪ 18 ቀን 2003 በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ ዳርቻ እሳቱ አውሎ ነፋስ ፈጠረ፤ 4 ሰዎች ሲሞቱ 500 የሚደርሱ ቤቶች ወደሙ። ጁን 17 ቀን 2017 በፖርቱጋል ፔድሮጋኦ ግራንዴ 66 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ በመኪና ለማምለጥ ሲሞክሩ መንገድ ላይ የተያዙ ነበሩ። ከነጎድጓድ ደመና የወረደ ነፋስ እሳቱን በሁሉም አቅጣጫ በትኖት ነበር።

ፍም ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። የባሕር ዛፍ ቅርፊት እየነደደ በጭሱ ዓምድ ላይ ይወጣና ርቆ ይወድቃል። በ2009ኙ የቪክቶሪያ እሳት ከግንባሩ 30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የተለኮሱ አዳዲስ እሳቶች ታይተዋል። ፍም የት እንደሚወድቅ መተንበይ የሚቻለው በዕድል ስሌት ብቻ ነው፤ የመከላከያ መስመርም፣ ወንዝም፣ አውራ ጎዳናም አያቆመውም።

ለዚህ መልስ የተሠሩት ሞዴሎች እሳቱንና አየሩን አብረው የሚያሰሉ ናቸው። በእስራኤል በዲሴምበር 2010 በቀርሜሎስ ተራራ በተነሳው እሳት 44 ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱ የሚበዙት እስረኞችን ለማስወጣት በአውቶቡስ ሲጓዙ የነበሩ የማረሚያ ቤት ሠልጣኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ማታሽ የተባለውን፣ የአየር ትንበያ ሞዴልን ከእሳት ስርጭት ሞዴል ጋር ያጣመረ ሥርዓት አቋቋመች። በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ደግሞ ነበልባሉንና የአየሩን ሽክርክሪት በሜትሮች ደረጃ የሚያሰላ ፋየርቴክ የተባለ ሞዴል ተሠርቷል፤ ሱፐር ኮምፒውተር ስለሚፈልግ ግን ለአዛዡ ሳይሆን ለተመራማሪው ነው።

መሠረታዊው ፊዚክስም ገና አልተዘጋም። ለረጅም ጊዜ እሳት ወደፊት የሚሄደው በዋናነት በጨረር ሙቀት ነው ይባል ነበር። የሚዙላ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት ግን ቀጫጭን ማገዶዎች የሚቀጣጠሉት ነበልባሉ እየተወዛወዘ በተደጋጋሚ ሲነካቸው መሆኑን አሳዩ፤ በጨረር ሞቀው የነበሩት በአየሩ ይቀዘቅዛሉ። በግማሽ ምዕተ ዓመት ቀመር ላይ የተገነባ ሙያ እንዲህ ዓይነት ግኝት ሲደርሰው ቀመሩን አይጥለውም፤ በልኩ ማመን ግን ይማራል።

ስህተቱ ስንት ነው?

ክሩዝና አሌክሳንደር በ2013 ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ የሞዴል ትንበያዎችን በእውነት ከተለካው ጋር አስተያዩ። ልክ ናቸው ሊባሉ የሚችሉት ትንበያዎች 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለጥሩ ሞዴል ምክንያታዊ ሊባል የሚችለው የስህተት ወሰንም 35 በመቶ ያህል እንደሆነ ሐሳብ አቀረቡ። ይህን የሚሰማ ሰው ታዲያ ምን ይረባል ሊል ይችላል። ግን 35 በመቶ የታወቀ ስህተት ካልታወቀ ስህተት በእጅጉ ይሻላል፤ የታወቀን ስህተት በዕቅድ ውስጥ ማስገባት ይቻላልና።

ስለዚህ ዘመናዊው አካሄድ አንድ መስመር መሳልን ትቶ ዕድልን መሳል ሆኗል። የአሜሪካው የሰደድ እሳት ውሳኔ ድጋፍ ሥርዓት ከ2009 ጀምሮ የሚጠቀምበት አንድ መሣሪያ ሊሆኑ የሚችሉ የአየር ሁኔታዎችን እየቀያየረ አንድን እሳት በሺዎች ጊዜ ያስኬደዋል። የሚወጣው ካርታ እሳቱ እዚህ ይደርሳል አይልም፤ በሚቀጥሉት ቀናት እዚህ የመድረሱ ዕድል 60 በመቶ፣ እዚያ 5 በመቶ ነው ይላል። ለሳምንታት ለሚዘልቅ የተራራ እሳት ይህ ትልቅ እገዛ ነው። የት መግጠም እንደሚያዋጣና የት መተው እንደሚሻል ይጠቁማል። ለሁለት ሰዓት እሳት ግን አይደርስም። ኖቬምበር 8 ቀን 2018 በካሊፎርኒያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የተነሳው እሳት 2 ሰዓት ላይ ፓራዳይዝ ከተማ ውስጥ በፍም እየለኮሰ ነበር፤ 85 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ላለ ቀን ስሌቱ መሠራት ያለበት እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ነው።

ካርታው ተሠርቶ ሳይደርስ

ትንበያን ከውሳኔ ጋር የሚያስተሳስረው በጣም የተሳካው መሣሪያ ምናልባት በጣም ቀላሉ ነው። ተመራማሪው ጆርጅ ባይራም በ1959 የእሳትን ኃይል በግንባሩ ርዝመት መጠን የሚለካበትን ዘዴ አቀረበ፤ ዛሬ በአንድ ሜትር ግንባር ስንት ኪሎ ዋት ተብሎ ይገለጻል። ባለሙያዎች ይህን ከነበልባል ርዝመት ጋር አያይዘው ለእሳት አጥፊ የሚገባ መሰላል ሠሩ። ነበልባሉ ከ1.2 ሜትር ካነሰ ሰው በእጅ መሣሪያ ግንባሩን መግጠም ይችላል። እስከ 2.4 ሜትር ዶዘርና የውኃ ተሽከርካሪ ያስፈልጋል። እስከ 3.4 ሜትር መቆጣጠሩ ያጠራጥራል። ከዚያ በላይ ግንባሩን መግጠም ከንቱ ነው፤ ከጎን ይሠራል ወይም ይሸሻል። እዚህ ላይ ትንበያው ራሱ ትዕዛዝ ይሆናል።

ሁሉም ትንበያ ግን እንዲህ አይሻገርም። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 በቪክቶሪያ 173 ሰዎች ሞቱ፤ 119ኙ በኪልሞር ኢስት እሳት ብቻ ነው። እሳቱ የተነሳው ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። የነፋስ ለውጡ እንደሚመጣ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች አስቀድመው አስታውቀዋል። በሜልቦርን የትዕዛዝ ማዕከል የነበሩት የእሳት ተመራማሪው ኬቨን ቶልኸርስትና ባልደረቦቹ ከሰዓት በኋላ እሳቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ካርታ ሠሩ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን በኋላ እንዳሳየው ግን ያ መረጃ እሳቱን ይመሩ ለነበሩት የአካባቢ አዛዦችም፣ በመንገዱ ላይ ለነበሩት ነዋሪዎችም በሚጠቅም ጊዜ አልደረሰም። ነፋሱ ዞረ፤ ረጅሙ ጎን ግንባር ሆነ። ስሌቱ ነበር፤ የጎደለው የማን ሥራ እንደሆነ በግልጽ የተደነገገ የመልእክት መስመር ነበር።

አሪዞና ውስጥ ያርኔል ሂል ላይ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጁን 30 ቀን 2013 ከነጎድጓድ የሚወጣ ነፋስ የእሳቱን አቅጣጫ እንደሚለውጥ በሬዲዮ ተነግሮ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ደርሷል። ሆኖም 19 እሳት አጥፊዎች ከተቃጠለው አስተማማኝ መሬት ወጥተው በቁጥቋጦ ወደተሞላ ጎድጓዳ ሲወርዱ እሳቱ ዞሮ ያዛቸው። ትንበያ ደረሰ ማለት ሰውየው ከቆመበት ቦታ አንጻር ምን ማለት እንደሆነ ተረዳ ማለት አይደለም።

በሎስ አንጀለስ አውራጃ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 የተነሳው የኢተን እሳት ሦስተኛውን መልክ ያሳያል። የአየር ትንበያ ቢሮው ስለ ነፋሱ ያልተለመደ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ከቀናት በፊት አውጥቶ ነበር። እሳቱ የተነሳው ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎ ሲሆን ለምዕራብ አልታዲና ነዋሪዎች ልቀቁ የሚለው ትዕዛዝ የወጣው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ከሟቾቹም አብዛኞቹ በዚያ ሰፈር የነበሩ ናቸው።

አውስትራሊያ ከ2009 በኋላ የወሰደችው ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቀሳል። በሴፕቴምበር 2022 ሥራ የጀመረው አዲሱ አገራዊ የአደጋ ደረጃ አሰጣጥ በስምንት የዕፀዋት ዓይነቶች የተለያዩ የስርጭት ሞዴሎችን ያሰላል፤ ለሕዝብ የሚደርሰው ግን አራት ደረጃ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ደረጃም ምን ማድረግ እንዳለበት ለነዋሪው በአጭሩ ይነግረዋል። ውስብስቡ ከውስጥ ቀረ፤ ወደ ውጭ የወጣው ተግባር ነው።

ቤቱ ማገዶ ሲሆን፣ ማሽኑም ሲማር

ሁለት አዳዲስ ጉዳዮች ሙያውን ይፈትኑታል። የመጀመሪያው ከተማ ነው። በአሜሪካው 40 የማገዶ ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ቤቶች ያሉበት ሰፈር የማይቃጠል መሬት ተብሎ ተመድቧል፤ ሞዴሉ ከተማው ጫፍ ሲደርስ ይቆማል። ጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ ሁለቱ ትላልቅ እሳቶች ከ16 ሺህ በላይ ሕንጻዎችን ሲያወድሙ ግን እሳቱ ከቤት ወደ ቤት ነበር የሚሄደው። የቤት ለቤት ስርጭትን ከጫካው ስርጭት ጋር ማጋጠም የአሁኑ ዘመን ዋና የምርምር ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ተስፋው እውነተኛ ነው። በካሊፎርኒያ ከአንድ ሺህ በላይ ካሜራዎች ጭስ ይጠብቃሉ፤ ምስሉን የሚያጣራው ማሽን ነው። በማርች 2025 የመጀመሪያዋ የተላከው የፋየርሳት ሳተላይቶች ዕቅድ 5 በ5 ሜትር የሆነ እሳት ለማየት ያልማል። በከባዱ ሞዴል ውጤት የሠለጠነ ማሽን ያንኑ ስሌት በሰከንዶች መሥራት ይችላል፤ ይህ ለሁለት ሰዓት እሳት ትልቅ ነገር ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ማሽኑ ካለፉ እሳቶች በቀጥታ ሲማር ነው። የተመዘገበ የእሳት ዳርቻ እሳቱ በራሱ የደረሰበት ሳይሆን ሰው ታግሎ ያቆመበት ነው። ማሽኑ ተፈጥሮንና የእሳት አጥፊውን ድካም ለይቶ አያውቅም። በተጨማሪም ሰው የሚገድሉት እሳቶች ከወትሮው የወጡት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በመረጃው ውስጥ ጥቂት ናቸው።

ሰሜንና ባሌ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና የተነሳው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን አቃጥሎ የውጭ ባለሙያዎች እስከ መምጣት ደርሷል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አጥፊዎች ቡድን ተጠራ። የመጣው እገዛ ማጥፊያ ነበር፤ እሳቱ ነገ በየትኛው ገደል እንደሚወጣ የሚነግር አልነበረም። የሰሜን መልክዓ ምድር ግን ትንበያን የሚጠይቅ ነው። የጓሳው ሳርና የአስታው ቁጥቋጦ በበጋ ይደርቃሉ፤ ገደሉ ቀጥ ያለ ነው፤ እሳት ከታች ከተነሳ ለመሮጥ የተመቸ ዳገት ያገኛል።

መነሻው ባዶ እጅ አይደለም። የዓለም አቀፉ የሰደድ እሳት መረጃ ሥርዓት የካናዳውን መለኪያ ለኢትዮጵያም በነጻ ያሳያል። ሳተላይቶች በ375 ሜትር ነጠብጣብ ትኩስ ቦታዎችን በቀንና በሌሊት ይመዘግባሉ፤ መረጃው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ግን በካናዳ ጥድ የተስተካከለ ቁጥር 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ላለ አስታ ምን ማለት እንደሆነ እዚሁ መፈተሽ አለበት። ሥራውም ያን ያህል ውድ አይደለም፤ በየሳምንቱ የአስታውንና የጓሳውን እርጥበት በሚዛንና በማድረቂያ መለካት፣ የትኛው ቦታ መቼ እንደተቃጠለ ካርታ መያዝ፣ የነፋስ መለኪያ ማቆም ነው።

ሌላም ሀብት አለ። የስዊድን ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ጋር በባሌ ባደረጉትና በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ አርብቶ አደሮች አስታውን ለግጦሽ ሲያቃጥሉ ከበጋው ማብቂያ፣ ከዝናቡ ዋዜማ ጋር እንደሚያስተካክሉት መዝግበዋል። በቅርብ ዓመታት የተቃጠለው ቁጥቋጦ ገና ስላልበሰለ እሳት በቀላሉ አይዘልቀውም፤ ያረጀውን የሚበላው እሳት እዚያ ሲደርስ ይቆማል። እነዚህ ሰዎች ማገዶን በዕድሜው፣ እርጥበትን በወቅቱ፣ የእሳትን ማቆሚያ በቀድሞ ቃጠሎ ያውቃሉ። ሮተርሜል የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው። የፓርክ አስተዳደርና የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይህን ዕውቀት ወደ ካርታ ቢያወጡት ከውጭ ከሚመጣ ማናቸውም ሶፍትዌር በፊት የሚያስፈልገው ግብዓት ይገኛል።

ከትንበያ ወደ መስመር

ስህተት ያለበትን ትንበያ ወደ ጥርት ያለ ውሳኔ የሚለውጠው ዘዴ የሚታወቅ ነው፤ ውሳኔው የሚነሳበትን መስመር አስቀድሞ መሳል ነው። እሳቱ ያንን ሸንተረር ከነካ ይህ መንደር ይለቃል፤ ማንም ስብሰባ አይጠራም።

መስመሩ እንዴት ይሰላል? ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በ10 በመቶው መመሪያ በቁጥቋጦ ውስጥ ግንባሩ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መንደሩ 8 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ሁለት ሰዓት አለን ማለት ነው፤ ሰዎቹንና ከብቱን ለማስወጣትም ሁለት ሰዓት ቢበቃ ይመጥናል የሚል ይኖራል። የ35 በመቶው ስህተት ሲጨመር ግን እሳቱ በሰዓት 5.4 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ጊዜውም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል። ስለዚህ መስመሩ ከመንደሩ 8 ሳይሆን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መሳል አለበት። እሳቱ 8 ኪሎ ሜትር ላይ ሲታይ ገና የሚመክር አዛዥ ዘግይቷል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሱፐር ኮምፒውተር የለም። የተሻለ ሞዴል ቢመጣ 35 በመቶውን ወደ 20 ያወርደዋል፤ መስመሩ ይቀርባል፤ ሰዎች ያለ ምክንያት የሚፈናቀሉበት ጊዜ ይቀንሳል። የሞዴል መሻሻል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ካልተሳለ፣ ስልጣኑ በእጁ የሆነ ሰው ካልተሾመና መልእክቱ በሚሄድበት መንገድ ላይ በሰላሙ ጊዜ ልምምድ ካልተደረገ ግን 20ም ሆነ 5 በመቶ ስህተት ያለው ሞዴል እኩል ዋጋ ነው ያለው። ለትንበያ ገንዘብ የሚመድብ ማንኛውም መንግሥት ከሚገዛው ሶፍትዌር ጎን ለጎን ካርታውን አንብቦ ሬዲዮ የሚያነሳውን ሰው በደመወዝና በስልጣን መቅጠሩን ማረጋገጥ አለበት።